ሦስተኛው ፊሽካ

ለናፈቅሽኝ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረትሽን ይዞሻል? ፋብሪካው ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆሙ እግሬን አሳበጠው ብለሽኝ ነበር፤ ከሥራ ስትወጪ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው፣ አትስነፊ። አዲሱን ባለቤትሽን ባላውቀውም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ደግ ሰው ይሁን እንጂ ሌላው ይደረስበታል። ልጅሽ ደህና ናት። የፊት ጥርሶቿ በቅለው አልቀዋል፤ ጫማዋም ጣቷን ማሳመም ጀምሯል።

እኔ "ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ" ብዬ ማለፍ ለምዶብኝ ነበር። ዛሬ እንዲያ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቀንቻለሁ፣ እህቴ። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ እንደ ኮረዳ ቀንቻለሁ። ምግብ አልበላ፣ ሰው አላናግር ብዬ ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንኳ ሰላምታ ነፍጌው፣ ሰውየው ምን በደልኳት እያለ ሲጨነቅ ሰነበተ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ሁለት ነገር ጽፈሽልኛል። ትምህርት ሲዘጋ ልጅሽን ልትወስጃት እንደምትመጪና ልብሷን እንዳዘጋጅ፤ ደግሞም ከእኔ ደብዳቤ ጋር አጥፈሽ ለምትልኪላት ለእነዚያ ወረቀቶች ልጅቷ ለምን አንድም ቀን መልስ እንዳልጻፈችልሽ። ለሁለቱም መልስ አለኝ። ግን ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመምህርቷ ልጀምር፤ ታገሺኝ።

እዚህ ትምህርት ቤት በጽዳት ስሠራ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። ልጆቹ እትዬ ባልዲ ነው የሚሉኝ። ስምንት መጸዳጃ ቤት፣ አንድ የውሃ ታንከር፣ ዐሥራ ሁለት አፍ ያለው አንድ ረጅም ቧንቧ፤ ይህ ሁሉ የእኔ ግዛት ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ አንዲት የሳይንስ መምህርት ተመድባ መጣች። ገና ዕቃዋን ሳትፈታ የንጽህና ክበብ አቋቋመች። ነጭ ጋውን ትለብሳለች። ጫማዋን አቧራ አይነካውም፤ እንዴት እንደሆነ ስከታተላት ከርሜ አልደረስኩበትም። አንገቷ ላይ ፊሽካ አላት። በየቀኑ ከምሳ በፊት ልጆቹን ቧንቧው ፊት ታሰልፋቸዋለች። አንዴ ስትነፋ እጃቸውን ያረጥባሉ። ሁለቴ ስትነፋ ሳሙና ይመታሉ፤ በጣቶቻቸው መካከል፣ ከጥፍራቸው ሥር፣ እስከ አንጓቸው። ሦስቴ ስትነፋ ያለቀልቃሉ። እኔም ስም አወጣሁላት፤ ፊሽካ አልኳት።

በመጣች በሳምንቷ እኔንም ከልጆቹ ጋር ጠርታ እጅ አስታጠበችኝ። ዐሥራ አራት ዓመት የሰው ልጅ እዳሪ ስጠርግ የኖርኩትን ሴት ስለ ጀርም ልታስረዳኝ! ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። በማግስቱ ደግሞ የአንዱን ልጅ መዳፍ በቀይ ጠመኔ ቀባችና ሂድና ተጫወት አለችው። እስከ ደወል ድረስ ቀዩ በሃያ ልጆች ጉንጭ ላይ ታየ። በሽታ እንዲህ ነው የሚተላለፈው ብላ ስታሳያቸው፣ አንዱ ብልጣብልጥ የእኔን መጥረጊያ አነሳና እጀታው ቀልቷል፣ እትዬ ባልዲም ተይዛለች ብሎ ሰልፉን በሳቅ አፈረሰው። እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን አልሳቀም።

የካልሲው ነገር ደግሞ አለ። ሳሙና ቧንቧው ላይ ከተቀመጠ ወይ ይሰረቃል ወይ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ እኔ ከስንት ዓመት ጀምሮ ሳሙናውን ቆራርጬ፣ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን ሰፍቼ ቧንቧው ላይ በገመድ አንጠለጥለዋለሁ። ልጁ ካልሲውን ጨመቅ ያደርጋል፣ አረፋው ይመጣል፣ ሳሙናው እዚያው ይቀራል። ፊሽካ ይህን አይታ ወደደችውና በዐሥራ ሁለቱም አፍ ላይ አንጠለጠለች። አንድ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ ሳለ፣ ይህን ብልሃት ላመጡልን መምህርት ጭብጨባ ይገባል አሉ። እሷ እርማት ልትሰጥ አፏን ከፈት አደረገች፤ ጭብጨባው ዋጣት። እኔ ባልዲዬን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። አጨበጨብኩ ብልሽ ታምኛለሽ? አንድ እጄ ባልዲ ይዞ በሌላው ጭኔን መታሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራዋ መልካም ነው። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በሮች መቀርቀሪያ አልነበራቸውም፤ ትልልቆቹ ልጃገረዶች እዚያ ላለመግባት ሲሉ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ይውሉ ነበር። እኔ አይቼው ለምጄው ነበር። እሷ ግን በርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆማ፣ አናጺ ካልመጣ ክፍል አልገባም ብላ አስገጠመችው። ዓምና ልጅሽ ዘጠኝ ቀን በተቅማጥ ተኝታ ነበር። አልጻፍኩልሽም፤ ከሩቅ ሆነሽ ከመጨነቅ ሌላ ምን ታደርጊ ነበር? ዐይኖቿ ጎድጉደው በማንኪያ ውሃ ሳጠጣት የሰነበትኩት እኔ ነኝ። ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ አልታመመችም። ይህንንም ለፊሽካ መዝግቢላት። የማልወዳት ስላጠፋች መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል።

የማልወዳት ልጅሽ ስለወደደቻት ነው።

ቤት ስትገባ ወሬዋ ሁሉ መምህርቴ እንዲህ አለች፣ መምህርቴ እንዲህ አደረገች ሆነ። ልቅመስ ብዬ እጄን ወደ ድስቱ ስሰድ አፏን አሹላ ፊሽካ ትነፋብኛለች። ማታ ማታ መዳፌን ይዛ ጥፍሬን ትመረምራለች፤ ጠልቆ የቀረውን የመጸዳጃ ቤት ኖራ በክብሪት እንጨት ትፍቃለች፣ ራሷን እየነቀነቀች፣ ልክ እንደዚያችው። ሳድግ እንደ እሷ ነው የምሆነው አለችኝ። ፀጉሯን እንኳ እንደ እሷ ወደ ኋላ ካላስያዝኩላት ከቤት አትወጣም። አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ መጥታ፣ እናቴ መጻፍ አትችልም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። እጄ ሳሙና ነው፣ ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባብሽ ሂጂ ብዬ ሸኘኋት።

ቅናት ለእኔ እንግዳ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። እናታችን ሁለታችንን በአንድ ሳፋ ስታጥበን ትዝ ይልሻል? አንቺ ታናሽ ነሽና በንጹሑ ውሃ ትታጠቢያለሽ፤ እኔ በአንቺ እጣቢ። ውሃው ቀዝቅዞ፣ አረፋው ግራጫ ሆኖ ይደርሰኛል። አንቺ በፎጣ ተጠቅልለሽ ከአልጋው ጫፍ እግርሽን እያወዛወዝሽ ታዪኝ ነበር። ያን ሳፋ ስንት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው እንደኖርኩ አልነገርኩሽም። ትዳርም አንቺ ቀደምሽኝ፣ ልጅም አንቺ ወለድሽ። ባልሽ ጥሎሽ ሲሄድና ሥራ ፍለጋ ስትነሺ ልጅቷን እኔ እጅ ላይ አስቀመጥሽ። ይቅር በይኝና፣ ዘንድሮስ ንጹሑ ውሃ ለእኔ ደረሰኝ አልኩ።

በር ላይ ቆመሽ ያልሽኝን ግን አልረሳሁም። እናቷ እኔ ነኝ፣ አንቺን አክስቴ ትበልሽ፣ እማዬ ካለችሽ ስመለስ አታውቀኝም አልሽኝ። የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። እሺ አልኩሽ፤ እሺ ያልኩትንም ጠበቅሁ። እማ ብላ በጀመረች ቁጥር ቃሉን ከአፏ እየነጠቅሁ፣ አክስትዬ በይ እያልኩ ስድስት ዓመት አረምኳት። ያን ቃል እንደ ሰው አደራ ነው ያስቀመጥኩልሽ፤ አንዲት ጊዜ እንኳ አልቀመስኩትም።

እንግዲህ ከአንድ ወር በፊት ልጅሽ ከትምህርት ቤት እየሳቀች መጣች። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ መልስ ልትሰጥ ስትል፣ መምህርቷን እማዬ ብላ ጠራቻት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ መምህርቷም ቀላች፣ እሷም ሳቀች። እኔም የምስቅ መስሏት ነው የነገረችኝ። እኔ የያዝኩት ሰሃን ከእጄ ወደቀ። ስድስት ዓመት ሳልነካው ያስቀመጥኩትን፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት በነጻ ወሰደችው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ደም ለበሰ።

በዚያው ሰሞን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ፤ በንጽህና አርአያ የሚሆነውን ትምህርት ቤት ሊመርጡ ነው። ርዕሰ መምህሩ ከረባት አሰሩ። ግድግዳ ተቀባ። ፊሽካም ልጆቹን ስታለማምድ ከረመች። የታንከሩ ዋና መዝጊያ፣ ሠራተኞቹ ቫልቭ የሚሉት፣ ከታንከሩ ኋላ በጠፍጣፋ ድንጋይ እንደተከደነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ሐሳቤ የመጀመሪያው ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ውሃውን መዝጋት ነበር። ቧንቧው ይደርቃል፣ ጎብኚዎቹ ይተያያሉ፣ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ታፍራለች፤ ሌላ ጉዳት የለውም ብዬ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሦስቱ ጎብኚዎች መዝገባቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ ድንጋዩን አንስቼ ቫልቩን ብይዘው፣ ለካ ዝጎ ተጣብቋል። በአንድ እጅ ብል እምቢ፣ በሁለት እጅ ብል እምቢ። ጉልበቴን ጭቃው ላይ ተክዬ ስታገል የመጀመሪያው ፊሽካ ተነፋ። ተይው አለኝ ልቤ። እጄ ግን አልተወውም። ሁለተኛው ፊሽካ ሲነፋ ቫልቩ ሲጥ ብሎ ዞረ።

ሦስተኛው ፊሽካ ተነፋ፤ ውሃ የለም።

ከታንከሩ ጎን አንገቴን አስግጌ ያየሁትን ልንገርሽ። ሁለት መቶ ልጅ እጁን እስከ አንጓው አረፋ አድርጎ ቆሟል። ያልተለቀለቀ እጅ ምንም አይነካም ተብለው ተምረዋልና፣ ሁሉም እጆቻቸውን ወደ ላይ አንስተው ነው የቆሙት፤ እጅ ወደ ላይ የተባለ የተማረከ ሠራዊት መስለዋል። ፊሽካ ደግማ ነፋች። ምንም። አንዱ አፍንጫውን በትከሻው ሊያክ ሲል አረፋው አፉ ገባ። ትንንሾቹ ማልቀስ ጀመሩ። ርዕሰ መምህሩ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። ቅናቱ የእኔና የእሷ ነበር፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ልጅሽ ከሰልፉ መሀል ነበረች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ወርዶባት በእጇ ጀርባ ስትገፋው ሳሙናው ዓይኗ ገባ። ዓይኖቿን ጨፍና፣ እጆቿን አንስታ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እማዬ ብላ ጮኸች። ፊሽካ ሮጣ ደረሰችና አለሁ አለሁ እያለች በጋውኗ ጫፍ ልትጠርግላት ጎንበስ አለች። ልጅሽ ግን ፊቷን አዞረችባት። እማዬን ጥሩልኝ፣ እትዬ ባልዲን ጥሩልኝ፣ ውሃው የት እንደገባ እሷ ታውቃለች አለች።

ከዚያ በኋላ ቫልቩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ሲዘጋ ያን ያህል የታገለኝ፣ ሲከፈት በአንድ እጅ ዞረ። ውሃው ሲንዠቀዠቅ ልጆቹ ጮቤ ረገጡ፣ ጎብኚዎቹም ሳቁ። እኔ ሮጬ ልጄን፣ ልጅሽን ማለቴ ነው፣ አቅፌ ዓይኗን አጠብኩላት። ደጋግማ እማዬ አለችኝ። አላረምኳትም። ይህን ልደብቅሽ አልችልም፣ ለዚህም ይቅርታ አልጠይቅሽም።

ከሰዓት በኋላ መጥረጊያ የማስቀምጥበት ዕቃ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ዘበኛው መጣ። እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ለምኑ ብለው፣ ከፊሽካው በፊት መምህርቷ ለጎብኚዎቹ፣ ይህ የካልሲ ብልሃት የእኔ አይደለም፣ የጽዳት ሠራተኛችን ነው፣ እሷን ነው መጻፍ ያለባችሁ ብላ እኔን በዓይኗ ስትፈልግ ነበር አለኝ። እኔ ያኔ ታንከሩ ኋላ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነበርኩ። አፈርኩ፣ እህቴ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወዲያው ራሷ መጣች። እጄን አየችው። ሁለቱም መዳፎቼ በቫልቩ ዝገት ቀልተዋል፤ ያ የቀይ ጠመኔው ትምህርት ታወሰኝ። እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። እሷ ግን አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ከኪሷ ካልሲ አወጣች፣ በጆክ ውሃ ቀዳችና እያፈሰሰች አስታጠበችኝ። ዝገት በአንድ ጊዜ አይለቅም፣ ደገም አድርጊው አለችኝ። ስታፈስልኝ ነው ወሬ የጀመረችው። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። እዚህ ስትመደብ እናቷ ዘንድ ትታው ነው የመጣችው። ለዕረፍት ስትሄድ አያቱን እማዬ እያለ ከቀሚሷ ኋላ ይደበቅባታል። ያን ዕለት ልጅሽ ተሳስታ ስትጠራት ክፍሉ እስኪወጣ ጠብቃ፣ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ለአፍታ ቃሉ የእኔ የሆነ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቅር እንዳይልሽ አለችኝ። እንግዲህ እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ! ከዚያ፣ እናቴ የምልክለትን ሁሉ ለልጁ ታነብለታለች ብዬ ነው የምኖረው፣ ባታነብለት አብድ ነበር አለችኝ።

ውሃው ከጆኩ እስኪያልቅ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ስለዚህ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ቅዳሜ ዕለት ልጅሽ ደብዳቤዎችሽን አነበበች። ዘጠኙንም። አንድ ላይ ደርድሬ ሰጠኋት፤ ከመጀመሪያው ጀምራ እየቆጠረች፣ ከበድ ያለው ቃል ላይ እየተንተባተበች አነበበች። ዘጠኙን በአንድ ቀን ለምን እንዳነበበች አትጠይቂኝ። አንዳንድ መልስ አለ፣ በወረቀት ላይ ከሰፈረ የጻፈው ሰው ቀና የሚልበት ፊት አይቀረውም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ከአሁን በኋላ የሚወርደውን ግን አልዘጋም።

አንብባ ስትጨርስ ወረቀቶቹን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተቻቸውና፣ እናቴ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች አለችኝ። የት እንደማስቀምጠው ታውቂያለሽ፣ የትምህርት ቤቱን የሳሙና ካርቶን። ከአልጋዬ ሥር ነው፤ ወረቀቶችሽም እዚያው ነበሩ። እኔም አዎ፣ እናትሽ ከድሮም ንጹሕ ናት፣ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምትሸተው አልኳት። ከዚያ ወዲህ ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛቸው። መልሱን ራሷ ጽፋልሻለች፤ ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ። "ለእናቴ" ብላ ስትጀምር አጠገቧ ነበርኩ። ቀናሁ። እጄን አጥፌ ተቀመጥኩ እንጂ አልነካሁትም።

ልብሷን አጥቤ አዘጋጅቻለሁ። ለመንገድ የሚሆን ካልሲ ሰፍቼላታለሁ፤ አዲሱ ትምህርት ቤቷም ይማርበት። እስክትመጪ ድረስ እማዬ ትለኛለች፤ ጥቂት ሳምንት ነው፣ ታግሰሽ ስጪኝ። ስትመጪ እኔው ራሴ አርማታለሁ።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። በፖስታው ውስጥ በጨርቅ የጠቀለልኩትን ቁራጭ ሳሙና አትጣይው። ከመኪና ስትወርጂ፣ ከማቀፍሽ በፊት፣ እጅሽንና አንገትሽን ታጠቢበት። ልጅሽ በዓይኗ አታስታውስሽም፤ በጠረንሽ ታውቅሽ። በዚህ ጊዜ ንጹሑን ውሃ አስቀድሜ ቀድቼ፣ ለብ አድርጌ እጠብቅሻለሁ።

መንገዱን አልጋ በአልጋ ያድርግልሽ፤ ሳልሽን ያንሳልሽ፤ ትዳርሽን ያጽናልሽ፤ የልጅ ፍቅር አያጉድልብሽ።

ታላቅ እህትሽ፣
የልጅሽ አክስት